የአባባ ዘለቀ ክንድ

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 16

ዛሬ ደግሞ የሚያመኝ አውራ ጣቴ ነው። ትናንት የእጄ አንጓ ነበር፣ ከትናንት ወዲያ ትከሻዬ። ነገ የቱ እንደሚሆን እንጃ። አርባ ሳይሞላኝ እንደ ጡረተኛ እጄን የሞቀ ጨው ውኃ ውስጥ ነክሬ ተቀምጫለሁ። ባሌ ማርቆስ አየኝና "ትጊ፣ ማን ሥሪ አለሽ?" አለኝ። ማንም አላለኝም። የሚያናድደውም እሱ ነው።

ሰኞ 27 በጠዋት አውቶቡስ እንይዛለን። ጨንቻ፣ ማርቆስ ተወልዶ ያደገበት ቤት፣ ለገና። በታኅሣሥ እዚያ ደጋ ላይ ያለውን ብርድ የማያውቅ ሰው የሰፈራችንን የጎፋን ብርድ ብርድ ይላል። ስለዚህ ሹራብ።

ያለቀ፦
የማርቆስ (አንዱ እጅጌ ጠመም ብሏል፣ አላየውም፣ አልነገርኩትም)
የልጄ የሊዲያ፣ ቢጫ፣ ራሷ የመረጠችው
የአስቴር ትልቋ ልጅ

የቀረ፦
የአስቴር ትንሿ ልጅ፣ አንድ እጅጌ
ለራሷ ለአስቴር የአንገት ልብስ
የአባባ ዘለቀ፣ ሙሉው

አስቴር የማርቆስ እህት ናት። አባባ ዘለቀ አባታቸው። የዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ስደርስ ከላይ ጀምሬ እንደገና አነባለሁ።

በምሠራበት መዝገብ ቤት ባለጉዳይ ሲጠፋ ሹራቡን ከጠረጴዛው ሥር እሠራለሁ። ዛሬ አለቃዬ መጥቶ አጠገቤ ቆመና "ፋይል ነው ወይስ ሹራብ?" አለ። "ፋይሉ አልቋል" አልኩት። አላለቀም።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 17

ይኼን ለማንም አልነገርኩም። እዚህ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ከሰባት ዓመት በፊት ነው። ሊዲያ ሁለት ዓመቷ ነበር። ለገና ጨንቻ ሄድን። አባባ ዘለቀ ዕድሜያቸውን በሙሉ ሸማ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው ሽሮ ሜዳ ስለኖሩ አማርኛቸው ከእኔ ይሻላል። ለልጅቷ በልኳ ቡሉኮ ሠርተው ጠበቁን። ትንሽዬ፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ ጠርዙ ላይ ቀይና ቢጫ ጥለት ያለው። በሦስተኛው ቀን ሊዲያ ማሳል ጀመረች። በአራተኛው ቀን ትንፋሽ አጠራት። የሳንባ ምች ነው አሉን። መኪና ተለምኖ ወደ አርባ ምንጭ ሆስፒታል ልንወርድ ስንል አባባ ሊያለብሷት ቡሉኮውን ይዘው መጡ። እኔ ከእጃቸው መንጭቄ አልጋው ላይ ወረወርኩት። "ይኼ መቼ ልጄን ከብርድ አዳናት!" አልኩ። ጎረቤት በሙሉ ቆሞ።

አባባ ቡሉኮውን አንሥተው ቀስ ብለው አጠፉት። አስተጣጠፋቸው እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ።

ሊዲያ ዳነች። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ጨንቻን አልረገጥኩም። ማርቆስ በየመስቀሉ ብቻውን ይሄዳል፣ እኔ ሁልጊዜ ሰበብ አለኝ። መጀመሪያ ንዴት ነበር፣ ቀጥሎ ኀፍረት። ከዚያ ዓመቱ በዓመት ላይ ተደራረበና ይቅርታ የሚባለው ነገር በየት በኩል እንደሚጀመር ጠፋብኝ።

ኅዳር ላይ አስቴር ደወለች። "አባባ ዓይናቸው ደከመ። የሸማውን ዕቃ ነቅለውታል፣ ሥራ አቁመዋል። 'ልጅቷን ሳላያት ሊጨልምብኝ ነው' ይላሉ" አለችኝ። ስልኩን ሳልዘጋ "ለገና እንመጣለን፣ ለሁላችሁም ሹራብ ሠርቼ ነው የምመጣው" ብዬ አረፍኩት። አፌ መቼም አያስቀምጠኝም።

የምፈራው አንድ ነገር ነው። የሠራሁላቸውን ሹራብ ተቀብለው አልጋው ላይ ቢያስቀምጡትስ? መብታቸው ነው።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 18

ላፍቶ ሄጄ ለአባባ ክር ገዛሁ። ጥቁር ሰማያዊ። ሴትዮዋ "የዚህ ቀለም መጨረሻው ነው፣ ያለውን በሙሉ ውሰጂ" አለችኝ። ያለውን በሙሉ ወሰድኩ።

የትንሿን ልጅ እጅጌ ጨረስኩ። የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ሃያ ረድፍ። ከኋላዬ የቆመች ሴት ክሩ ጫማዋ ላይ እንደተጠመጠመ ታክሲ ልትገባ ስትል ሁለታችንም ጮኽን።

የአባባን ዛሬ ጀመርኩ። ልካቸው ከሁለት ሳምንት በፊት አስቴር በስልክ ስትነግረኝ እዚሁ ደብተር ጀርባ ላይ የጻፍኩት ነው። "ሜትር ከየት ይምጣ፣ አባባ አሉ አይደል?" ብላ ራሳቸው ናቸው የልጆቹንም የራሳቸውንም የለኩት። ለመለካት ዓይን አያስፈልጋቸውም።

የአባባ፦ ቁመት አንድ ክንድ ከስንዝር። ደረት ዙሪያ ሁለት ክንድ ከአራት ጣት። እጅጌ አንድ ክንድ ከአራት ጣት።

ክሩን ክንዴ ላይ ለክቼ ቋጠሮ አሰርኩበት። ትንሽ አነሰብኝ። ግን ሽማግሌ ሰው ይኮማተራል። ሰባት ዓመት አላየኋቸውም።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 19

ቸርች። ስብከቱ ስለ ይቅርታ ነበር። ፓስተሩ እኔን እያየ የሚሰብክ መስሎኝ ዓይኔን ከጣሪያው አላወረድኩም። ስንወጣ ማርቆስ "ጥሩ ስብከት ነበር" አለ። "ረዘመ" አልኩት።

ከምሳ በኋላ የአስቴርን የአንገት ልብስ ጨረስኩ። አበባ አበባ ያለበት። ጎበዝ ነኝ። አንዳንዴ ራስን ማመስገን ያስፈልጋል፣ ሌላ የሚያመሰግን የለማ።

ሊዲያ ሥሬ ተቀምጣ ስታየኝ ቆየችና "አባባ ይቆጣሉ?" አለችኝ። "ለምን ይቆጣሉ?" "እንጃ፣ አንቺ ስለምትፈሪያቸው።"

የዘጠኝ ዓመት ልጅ። የቱ ጋ እንደምታየው አላውቅም።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 21

አለቀ!!

የአባባ ሹራብ አለቀ። ፊት፣ ጀርባ፣ ሁለት እጅጌ፣ አንገት። ትናንትና ዛሬ ከሥራ ፈቃድ ወሰድኩ፣ ከንጋት እስከ ማታ ሠራሁ፣ ምሳ ዳቦ በሻይ በላሁ። ወጡን ማርቆስ ሠራ። ጨው በዛበት፣ ዝም ብዬ በላሁ።

እናቴ ነፍሷን ይማርና እያንዳንዷን ቀለበት "ዓይን" ትላት ነበር። አንድ ዓይን ካመለጠሽ ሙሉው ይፈርሳል ትለኝ ነበር። አንድም አላመለጠኝም። ገና አምስት ቀን ቀርቶኛል። አምስት ቀን! ፀጉሬን እሠራለሁ፣ እተኛለሁ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 22

የደስታ ዕድሜው አንድ ቀን ነው።

ማርቆስ ከጋራዥ ሲመለስ "እስቲ ልበሰው፣ ሰው ላይ ሲሆን ልየው" አልኩት። ቁርጥ አባቱን ነው፣ ቁመቱም ትከሻውም። ታጥቦ መጣና ለበሰው። እንብርቱ ታየ። እጅጌው ከአንጓው በላይ ቀረ። ደረቱ ላይ ተወጥሮ ቀለበቶቹ በሙሉ ተከፋፈቱ።

"ወፍረሃል" አልኩት።

"ክንዴም በቦርጭ ነው የረዘመው?"

ሊዲያ በሳቅ ወደቀች። እኔ ደብተሩን አመጣሁና ልኩን አነበብኩለት። ክንድ፣ ስንዝር፣ ጣት። እስከ መጨረሻው ሰማኝና "በማን ክንድ?" አለኝ።

"ምን ማለትህ ነው፣ ክንድ ክንድ ነው።"

ክርኑን ጠረጴዛው ላይ አስደገፈና "ነይ" አለኝ። የእኔን ከጎኑ አስቀመጠው፣ ክርን በክርን። የእሱ ጣቶች የእኔን አልፈው ሄዱ። በአራት ጣት።

አባባ በራሳቸው ክንድ ለኩ። እኔ በራሴ ክንድ ሠራሁ። የልጆቹንም እንዲሁ። ሦስት ሹራብ።

ማርቆስ ሊስቅ ሲል ፊቴን አየና ተወው። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ። ከዚያ ውኃው እንደሚባክን ትዝ አለኝና ዘጋሁት፣ ለቅሶውም በዚያው ቆመ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 23

ማርቆስ ጠዋት፦ "መርካቶ ብንሄድ በአንድ ሰዓት ውስጥ ለሦስቱም ሹራብ ገዝተን እንመለሳለን። ማን ያውቃል?"

ማን ያውቃል? ዕድሜውን ሙሉ ክር ሲዳስስ ለኖረ ሰው የፋብሪካ ሹራብ ይዤ ልሄድ፣ "በእጄ ሠራሁ" ልበል!

"እሺ፣ እውነቱን ንገሪያቸው፣ ይስቃሉ" አለኝ።

"አባትህ በእኔ ነገር ይስቃሉ?"

ማርቆስ ጫማውን አሥሮ ወጣ።

የወሰንኩት፦
የልጆቹን አላፈርስም። ቀጫጭን ናቸው፣ ስፋቱ ይበቃቸዋል። ግርጌውና እጅጌው ላይ ከሊዲያ በተረፈው ቢጫ ክር እቀጥላለሁ። ፋሽን ነው እላለሁ።
የአባባን ሙሉ በሙሉ እተረትራለሁ።

የሦስት ቀን ሥራ በአርባ ደቂቃ ፈረሰ። ሲፈርስ እንዴት ያለ ፍጥነት ነው! የተተረተረው ክር እንደ ፓስታ ተጠማዞ አልጋው ላይ ተከመረ። ሊዲያ "እማዬ፣ አዝነሻል?" አለች። "ደክሞኛል" አልኩ። ሁለቱም እውነት ነው።

ለአስቴር አልደወልኩላትም። ዳግመኛ ልክ ላኩልኝ ማለት አሳፈረኝ። ማርቆስን አቁሜ በእሱ ክንድ ለካሁ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 25

የልጆቹ አለቀ። ቢጫው ጠርዝ እንዲያውም አሳመረው፣ ሊዲያ "የኔም ላይ ይደረግ" ብላ አኮረፈች።

የአባባ፦ ጀርባው አልቋል፣ ፊቱ ሊያልቅ ነው። ትናንት ግማሽ ቀን ከሥራ ቀረሁ። አለቃዬ በስልክ "አሁን ደግሞ ማን ታመመ?" አለኝ። "እጄ" አልኩት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት ነበር። አውራ ጣቴን በፋሻ ጠምጥሜያለሁ፣ መርፌውን የምይዘው በአራት ጣት ነው።

ሌላ ጉድ። የሹራቡ ልክ ስለጨመረ ክሩ እንዳያንሰኝ ሰጋሁና ላፍቶ ሮጥኩ። ሴትዮዋ "መጨረሻው ነው አላልኩሽም?" አለችኝ። ብላኛለች። ባዶ እጄን ተመለስኩ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 26

ቸርች አልሄድኩም። ማርቆስና ሊዲያ ሄዱ። እኔ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ እየሠራሁ ጸለይኩ። ጌታ ሆይ፣ ክሩን አብቃቃልኝ። ስለ እጅጌ መጸለይ ነውር ይሆን? የሰው ልብ እንዲከፈት የሚጸልዩ ሰዎች አሉ፣ እኔ ግን እዚያ ድረስ አልደረስኩም።

ዐሥር ሰዓት ላይ፦ አካሉ ተጋጠመ። አንገቱ አለቀ። ቀኝ እጅጌው አለቀ። ግራው የለም።

አውቶቡስ ውስጥ እጨርሰዋለሁ።

ሻንጣ፦ የሊዲያ የሳል ሽሮፕ፣ ዳቦ፣ ለአስቴር ስኳርና ዘይት፣ ሹራቦቹ፣ መርፌው፣ የተተረተረው ክርና የተረፈችው ቢጫ በፌስታል። ሽሮፑን ሁለት ጊዜ አስገብቼ አወጣሁት። ሦስተኛ አስገባሁት።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 27፣ አርባ ምንጭ

አውቶቡስ ውስጥ ሹራብ መሥራት የሚችል ሰው ካለ እጁን ልሳም። ገና ከከተማ ሳንወጣ አጥወለወለኝ። ከዚያ በኋላ ስድስት ረድፍ ብቻ፣ ምሳ ስንበላ።

እዚህ ሙቀት ነው፣ ሰው በሸሚዝ ይሄዳል። እኔ ሹራብ ታቅፌ እንደ እብድ እታያለሁ። ገና አልመሸም፣ ማርቆስ ጋደም ብሏል። ጠዋት ወደ ጨንቻ እንወጣለን።

ማርቆስ አሁን ጣሪያውን እያየ "አባባ ያን ቀን የተናገርሽውን አንድ ቀን አንሥተውብኝ አያውቁም፣ ይኸው ሰባት ዓመት" አለኝ። ሊያጽናናኝ ነው። ግን ይባስ ከበደኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 29፣ ገና፣ ጠዋት

ትናንት አልጻፍኩም። አሁን ሁሉም ለቸርች ፕሮግራም እየለባበሱ ነው። እኔ ቀድሜ ለብሼ ግድግዳውን ተደግፌ ተቀምጫለሁ፣ ጣቴ እንደታሰረ ነው።

ትናንት ስንደርስ ጉሙ ገና አልተነሣም ነበር። አባባ በር ላይ ወንበር አስወጥተው ተቀምጠዋል። አንሰዋል ብዬ ነበር። አላነሱም፣ ያው ረጅም ናቸው፣ ዓይናቸው ብቻ ነው የሄደው። ሊዲያ ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ ስትል ያዟት። ራሷን፣ ትከሻዋን፣ ክንዷን እስከ ጣቷ ድረስ በእጃቸው ለኩ። "አደገች" አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና "ትዕግስት ነሽ?" አሉ። "አዎ አባባ።" "እንኳን ደህና መጣሽ።" እንዲሁ።

ቤት ገብተን ሻንጣው ተከፈተ። የአስቴር ልጆች ቢጫውን ጠርዝ እያሳዩ ዘለሉ። አስቴር የአንገት ልብሱን ከራሷ ላይ አላወርድ አለች። እኔ የአባባን ፌስታሉ ውስጥ እንደያዝኩት ነበርኩ። ነገ እጨርሰውና እሰጣለሁ ብዬ አስቤ ነበር።

"የእኔስ?" አሉ አባባ።

ሹራቡን ከፌስታሉ አወጣሁና ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩት። አንድ እጅጌ ያለው ሹራብ። ከዚያ ሁሉንም ለፈለፍኩት። በእርስዎ ክንድ የተለካውን በእኔ ክንድ እንደሠራሁ፣ እንደፈረሰ፣ ክሩ ከሱቅ እንደጠፋ፣ አውቶቡሱ። በመሐል፣ እንዴት እንደመጣ አላውቅም፣ "ያን ቀን ያልኩትን ይቅር ይበሉኝ፣ ፈርቼ ነው፣ ልጄ የምትሞትብኝ መስሎኝ ነው" አልኩ። እንዲህ አልነበረም ያሰብኩት። በሥርዓት ልናገረው ነበር።

አባባ ሹራቡን በጣታቸው ከላይ ጀምረው ረድፍ በረድፍ ዳሰሱት። ብብቱ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። "እዚህ አንድ አምልጦሻል" አሉ። እውነት ነው፣ አምልጦኛል። እሑድ ዕለት ዓይቼው ትቼዋለሁ።

አልጋው በእጃቸው ርቀት ላይ ነበር። እኔ የማየው አልጋውን ብቻ ነበር።

"የተረፈው ክር የታለ?" አሉ።

ፌስታሉን ሰጠኋቸው። የተጠማዘዘውን ክር አወጡ፣ ጫፉን ፈልገው አገኙትና ጣታቸው ላይ ማጠንጠን ጀመሩ። አስቴር እጇን አፏ ላይ አደረገች። እዚህ ቤት ክር የሚያጠነጥኑት ሴቶችና ልጆች ናቸው፣ ሸማ ሠሪው አይነካውም። ማርቆስ በልጅነቱ ለእሳቸው ሲያጠነጥን ነው ያደገው። አንድ ቀን እንኳ ሲያጠነጥኑ አይቷቸው አያውቅም። አሁንም አያይም ነበር፣ ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ ቆሟል።

አጠንጥነው ጨረሱ። ጠማማው ክር ክብ ሆነ። "ያንስሻል፣ ጫፉን በቢጫ ጨርሺው። ልጆቹ ሲደሰቱ ሰምቻለሁ" ብለው ሰጡኝ።

ማታ ብርዱ ሲጀምር አስቴር ከሣጥን አንድ ነገር አውጥታ ሊዲያ አልጋ ላይ አነጠፈች። ትንሹ ቡሉኮ። ቀይና ቢጫ ጥለት። አሁን ሊዲያ እግሯ ይወጣል፣ ስለዚህ በላዩ ጋቢ ተጨመረላት። ዛሬ ጠዋት ስቀሰቅሳት ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ተጣብቋል። ሽሮፑን አልነካሁትም።

አሁን፣ ይኼን ስጽፍ፣ አባባ ሹራባቸውን ለብሰው ወጡ። ቀኙ እጅጌ እስከ አንጓቸው ደርሷል፣ ልክክ ብሏል። ግራው ክንዳቸው ሸሚዝ ብቻ ነው። እንዲህ ሆነው ሰው ፊት ሊሄዱ ነው። "ኧረ አባባ፣ ሰው ይስቅብዎታል" ስላቸው አልሰሙኝም። አጠገቤ ቁጭ አሉ።

"ልጅቷን በረዳት ሌሊት?"

ይኼን ጥያቄ ሰባት ዓመት ይዘውት እንደኖሩ አሁን ገባኝ።

"ኧረ አባባ፣ አልቧት ነው ያደረችው" አልኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ግራ ክንዳቸውን ወደ እኔ ዘረጉ። "በይ ከፕሮግራም መልስ እጅጌሽን ጨርሺ፣ እኔንም በርዶኛል" አሉኝ።

መቶ ረድፍ ያህል ይቀረኛል። ጣቴ ያመኛል። ማርቆስ እየጠራኝ ነው።